ጨው አይተንም

ሐይቅ፣ ወሎ

ልጄ ሰዓዳ፣

አብሽሪ። የአሠሪዎችሽ ዓሣ ሞተብኝ ብለሽ ከጅዳ የላክሽውን ድምፅ ሰማሁት፤ ለእናትሽ አላሰማኋትም። ለዓሣ ይህን ያህል ይለቀሳል እንዴ? ይልቅ ስሚኝ። ከዓሣው ገንዳ በየቀኑ የሚጎድለው ውሃው ብቻ ነው። ጨው አይተንም። የምንበላው የአፍዴራ ጨውስ እንዴት የሚወጣ ይመስልሻል?

አንቺ ግን የጎደለውን በጀሪካን በሚመጣው የባሕር ውሃ ሞላሽው። አስይው እስቲ፦ የቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ግድም ጨው አለው፤ 200 ሊትሩ ገንዳ 8 ኪሎ ይዟል ማለት ነው። በቀን 2 ሊትር ለ3 ሳምንት ስትጨምሪ 1 ኪሎ ከ680 ግራም አከልሽበት፤ በሊትር 48 ግራም አለፈ። መጀመሪያ አኒሞኑ፣ ያ አበባ የሚመስለው እንስሳ፣ ተኮማተረ። ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ውሃውን መረዘው። ክላውን ፊሽ፣ ያ የሞተብሽ ዓሣ ዓይነት፣ የሚጠለለው አኒሞኑ ውስጥ ነው፤ ሌላውን የሚናደፈው ክር እሱን አይነካውም፣ የቆዳው ዝልግልግ ልባስ ይጠብቀዋል።

አኒሞኑን ዛሬውኑ አውጪው። ከዚያ በየቀኑ 5 ሊትር እየቀዳሽ 5 ሊትር ጨው አልባ ውሃ ተኪ፣ ለ8 ቀን ያህል። በአንዴ አይሆንም፣ የተረፈውንም ትገድይዋለሽ። የቧንቧው ክሎሪን ስላለው ከመጠጥ ውሃው ማጣሪያ ቅጂ። መስተዋቱ ላይ በውሃው ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጊና ከዚያ የጎደለውን በጨው አልባ ውሃ ብቻ ሙዪ። ጨው አይተንም፣ ሰዓዳ!

ስለ ትነት ሳስተምር ፊት ወንበር ላይ ነበርሽ። ሰሌዳው ላይ ቀስት ስዬ አለፍኩት። አንድ ሳህን የጨው ውሃ ፀሐይ ላይ ባስቀምጥላችሁ ምን ነበረበት?

የሞተችው ትልቋ፣ ሴቷ ናት። የእነዚህ ነገር ይገርማል፦ ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፣ ሴቷ ስትሞት ባሏ ራሱ ሴት ይሆናል። የተረፈውም በወራት ውስጥ ይለወጣል። ሌላ ከገዙ ከእሱ ያነሰ ይሁን፤ እኩያው ከሆነ ይጋደላሉ። አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካየሽ እንቁላል ነው፣ ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትፈገፍጊው። ወንዱ በክንፉ እያራገበ ይጠብቀዋል፤ በሳምንት ግድም፣ ማታ፣ ይፈለፈላል።

እጅሽን ከመክተትሽ በፊት የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ንቀዪ። በረኪና የነካ ባልዲ እንዳታስጠጊ። የተሞላ ጀሪካን ብቻሽን አታንሺ፣ ወገብሽን አውቀዋለሁ። የጎደለውን በምን ትሞዪዋለሽ? በጨው አልባ ውሃ።

የዓሣውን ዋጋ ከደመወዝሽ እንቆርጣለን ብለው ወረቀት ካመጡ ሳትፈርሚ ደውዪልኝ።

አባትሽ