የፊት ታርጋ ለመስቀል ባምፐር መብሳት አያስፈልግም

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኢንሹራንስ የምታወጡት ነገር ብዙ ሰው ጠቅሟል፣ እኔ ዛሬ ምጽፍላችሁ ደግሞ ትንሽ ምትመስል ግን እዚ አካባቢ ያለውን ሹፌር በከንቱ ብር ስለምታስወጣ ነገር ነው፣ ስለ ፊት ታርጋ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሦስቱም ታርጋ ከፊትም ከኋላም ይፈልጋሉ። ፔንሲልቬንያ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ደላዌር፣ ኖርዝ ካሮላይና ግን የኋላ ብቻ ነው ሚጠይቁት፣ ጆርጂያና ፍሎሪዳም እንደዛው ናቸው። ስለዚ አትላንታ ካለ ዘመድ ወይ ከኦክሽን መኪና ገዝቶ ያመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ምንም የታርጋ መያዣ የለውም፣ ባምፐሩ ልሙጥ ነው። ሁለት ታርጋ ይሰጠዋል፣ አንዱን ከኋላ ያስራል፣ ሌላኛውን ትራንክ ውስጥ ይከተዋል ወይ ዳሽቦርድ ላይ ያስቀምጠዋል። ዳሽቦርድ አይቆጠርም እኮ! የቨርጂኒያ ሕግ ታርጋው እንዳይወዛወዝ ሆኖ ከመኪናው ጋር ይታሰር፣ በግልጽ ይታይ፣ ይነበብ ነው ሚለው፣ የሜሪላንድም ተመሳሳይ ነው። ዲሲ ውስጥ መንገድ ዳር ያቆመ ሰው ደግሞ ትኬት ቆራጮቹ እንዴት እንደሆኑ እኔ አልነግረውም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ኡበር ሚሠራ አንድ ወንድማችን ነው። መኪናውን ለዘይት ቅያሪ አንድ ጋራዥ ወስዶ የፊት ታርጋውን እሰሩልኝ ሲላቸው ሳይጠይቁት በትራፓኖ ባምፐሩን በስተው በቪስ መቱለት፣ ያውም ተንጋዶ፣ ከዛ ላይ ደግሞ አስከፈሉት። ያ ብስ እንዳልነበረ ሆኖ በቀላሉ አይደፈንም፣ ነገ መኪናውን ልሽጥ ቢል ገዢው መጀመሪያ ሚያየው እሱን ነው። ሊዝ ቢሆን ኖሮማ የራሱ ያልሆነ መኪና ተበሳ ማለት ነው። በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ሥራው ቤት ውስጥ በትንሽ ብር ሚያልቅ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ታርጋ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መጠኑ አንድ ነው፣ 12 ኢንች በ6 ኢንች፣ የላይኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት 7 ኢንች፣ ከላይኛው እስከ ታችኛው ደግሞ 4 ኢንች ከሦስት ሩብ። ስለዚ አንዴ የሠራችሁት መያዣ ስቴት ብትቀይሩም ያገለግላችኋል። ሆም ዲፖ ወይ ሎውስ ሄዳችሁ አንድ ኢንች ስፋት፣ አንድ ስምንተኛ ኢንች ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ግዙ፣ በሰጌቶ ይቆረጣል፣ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ ነው። ሁለት ቁራጭ ስድስት ስድስት ኢንች አድርጋችሁ ከግሪሉ (መኪናው ፊት ላይ ያለው አየር ማስገቢያ ፍርግርግ) ፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል 7 ኢንች፣ ሌሎች ሁለት አጠር ያሉ ደግሞ ከግሪሉ ኋላ ይገባሉ፣ ብሎኑ በግሪሉ ክፍተት አልፎ የፊቱንና የኋላውን ብረት አንድ ላይ ይነክሳል። ሚበሳው አሉሚኒየሙ ብቻ ነው፣ መኪናው ራሱ አንድም ቦታ አይበሳም። ብረቱ ግሪሉን እንዳይፍቀው መሀል ላይ የድሮ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ ማድረግ በቂ ነው።

ሰው ሚቸገረው ከኋላ በኩል እጅ ስለማይገባ ነው። መፍትሄው ዳዶውን ቀድሞ በኤፖክሲ ኋለኛው ብረት ቀዳዳ ላይ ለጥፎ ማሳደር፣ ከዛ ብረቱን በክር አስሮ በክፍተቱ በጎን ማስገባት፣ ክሩ ከሌለ ባምፐር ውስጥ ወድቆ ይቀራል። የታርጋው አራት ብሎኖች ደግሞ ጫፋቸው ወደ ፊት እንዲወጣ ከፊተኞቹ ብረቶች ኋላ ይገባሉ፣ ብረቶቹ ግሪሉ ላይ ከመታሰራቸው በፊት ማለቴ ነው፣ በአንድ አንድ ዳዶ ይጠብቁና ታርጋው በላያቸው ይቀመጣል፣ ከፊት በላስቲክ ዳዶ ይዘጋል። ያ መሀል ያለው ዳዶ ታርጋውን ትንሽ ወደ ፊት ስለሚያወጣው ከስሩ ያለው የግሪሉ ማሰሪያ ብሎን ጭንቅላት አያጎብጠውም። ላስቲክ ዳዶ ያልኩት ውስጡ ናይለን ያለውን ነው፣ በንዝረት አይላላም። ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን፣ ክረምት እዚ መንገድ ላይ ሚነሰንሱት ጨው ተራውን ብረት ይበላዋል፣ ስቴንለስና አሉሚኒየም በቀጥታ ሲነካኩም ጨው ካለ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ መሀል ላይ የናይለን ሮንዴላ ጣል አድርጉ።

በዚፕ ታይ (በፕላስቲክ ማሰሪያ) ብቻ ያሰራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ቀይሩት። ፀሐይና ብርድ ያደርቀዋል፣ አንድ ቀን ሀይዌይ 95 ላይ ተበጥሶ ታርጋው ይበራል፣ እስከዛም ድረስ እየተወዛወዘ ነው ሚሄደው። ሁለት ፊት ያለው ቴፕ ግሪል ለሌላቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ሊሆን ይችላል፣ ግን ቦታው በአልኮል ተጠርጎ በሞቃት ቀን ነው ሚለጠፈው።

ከሁሉም በላይ ምጨነቀው ስለ ሴንሰር ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ፊት ለፊት ራዳር አላቸው፣ አንዳንዱ ከአርማው ኋላ ነው፣ አንዳንዱ ታችኛው ግሪል ውስጥ ነው፣ እሱን በብረት ከሸፈናችሁት ፍሬኑን በራሱ ሚይዘው ሲስተም ሊዘጋ ይችላል። ክብ ክቦቹን የፓርኪንግ ሴንሰሮችም አትጋርዱ። ከግሪሉ ኋላ በራሱ ሚከፈትና ሚዘጋ መጋረጃ ያላቸው መኪኖችም አሉ፣ ብሎናችሁ ረዝሞ እሱን እንዳይነካ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ከመሥራታችሁ በፊት የመኪናውን ማኑዋል ማገላበጥ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ለጋራዥ ባለቤቶቻችንም አንድ ነገር ልለምን፣ ደንበኛው አማርኛ ተናጋሪም ይሁን ሌላ፣ ትራፓኖውን ከማንሳታችሁ በፊት «ይበሳ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ግሪል ላይ መታሰር ሚችል ከሆነም ንገሩት። እናንተም ዝግጅት ክፍሎች የባለሙያ መካኒክ አግኝታችሁ በየመኪናው ዓይነት ራዳሩ የት እንዳለ ብታወጡልን ትልቅ ነገር ነው ምትሠሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ