የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ፦ ፊውዝ በሊታው አምፕሊፋየር

የክበብ ዘገባ ሲጻፍ ቁጥር ይበዛበታል። ይህን ያህል አባል፣ ይህን ያህል ስብሰባ፣ ይህን ያህል የፈጠራ ሥራ። እኛ 14 ነን፣ የምንገናኘው ረቡዕ ረቡዕ ነው፣ የሠራነው ትልቅ ሥራ ደግሞ አንድ ነው። አንድ አምፕሊፋየር ጠገንን። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፈጀብን።

ዕቃው የሙዚቃ ክበብ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ያመጡልን የጊታር አምፕሊፋየር ነው፣ ባለ ቲዩብ። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከመፈልሰፉ በፊት ሬዲዮው በአብዛኛው የሚሠራው አምፖል በሚመስሉ በእነዚህ መስታወቶች ነበር። ሬዲዮ ከተዋቸው ቆየ። ጊታር ተጫዋቾች ግን ሙጭጭ ብለዋል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት የሚያወጣውን ሻካራ ቃና ይወዱታል።

አምፕሊፋየሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኛ ግድግዳ ደግሞ 220። ስለዚህ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን አብሮት መጥቷል። አንድ ቀን አንድ ሰው ስቴፕ ዳውኑን ትቶ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰካው። ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ በተከፈተ ቁጥር ፊውዝ ያቃጥላል። እኛ ጋ ሲደርስ ፊውዙ ላይ የሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሎበት አገኘነው። ያቺን ብልጭልጭ ወረቀት የማያውቅ ቤት የለም። ግን ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ የዚህን ትራንስፎርመር ምትክ ደግሞ መርካቶን ብታስሱ አታገኙም።

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነው። ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ገዝቼ ከተትኩ። ማብሪያውን ገና ስንጫን ተቃጠለ። ሌላ ከተትኩ፤ እሱም ወዲያው። «ትራንስፎርመሩ ሾርት ሆኗል» ብዬ በልበ ሙሉነት አስረዳሁ። ሁለት ወር ትራንስፎርመር ስንለካ ከረምን። ምንም አልሆነም!

ነገሩን ያገኘችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የተቃጠሉትን ፊውዞች ጠርሙስ ውስጥ ታጠራቅም ነበር። አንዱን አውጥታ ጫፉ ላይ የተጻፈውን በስልኳ አጉልታ አነበበች። «ቲቸር፣ የኛ ኤፍ ነው የሚለው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ግን ቀስ ብሎ የሚቃጠል አድርጉ ይላል።» ልክ ነበረች። ኤፍ የተጻፈበት ፈጣን ነው፤ ቲ የተጻፈበት ታጋሽ ነው። ትራንስፎርመር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ይስባል፤ ፈጣኑ ፊውዝ ይህችን እንኳን አይታገሥም።

ባለ ቲውን አስገባን። ቲዩቦቹ ውስጣቸው ቀላ አለ። ተጨባበጥን። ገና እጃችንን ሳንለቅ ጠፋ።

ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አንድ አባት ፒያሳ አካባቢ አሉ። ዕቃውን አልወሰድንም፤ ከ25 ኪሎ በላይ ነው፣ የትኛው ታክሲ ይጭነዋል? በቃል ነገርናቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጆቼ፣ ከበራ በኋላ እስኪቃጠል ስንት ቆጠራችሁ?»

ማናችንም አልቆጠርንም።

ተመልሰን አንድ ፊውዝ መሥዋዕት አደረግንና ቆጠርን። 20 ላይ ሄደ። ይህች 20 ብዙ ነገር ትናገራለች። ወዲያው ቢቃጠል ኖሮ ጥርጣሬያችን መግቢያው ላይ ይሆን ነበር። ይህ አምፕሊፋየር ግን ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያገኘው ጂዜድ34 በሚባል ቲዩብ በኩል ነው፤ ቲዩቡ ደግሞ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። (ከፍተኛውን ቮልቴጅ ለብቻው የሚዘጋውን ሁለተኛውን ማብሪያ፣ ስታንድባዩን፣ ከፍተን ነበር የተውነው።) ስለዚህ ችግሩ ከጂዜድ34 ወዲያ ማዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ፊውዝ ማባከን አቆምን። አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ከስቴፕ ዳውኑ በፊት በተከታታይ አገናኘን። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ፊውዙ ይተርፋል። አምፖሉ ግን የድሮው፣ ባለ ክሩ መሆን አለበት። የሰፈር ሱቅ ሁሉ ኤልኢዲ ብቻ ነው ያለው። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ጥግ አቧራ ለብሶ ተገኘ።

ወላጆች እንዳይሰጉ አንድ ነገር ልናገር። ክዳኑ ተከፍቶ እጅ የማስገባው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውስጡ 450 ቮልት ገደማ አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ይዘው ይቆያሉ። በሬዚስተር አራግፋቸዋለሁ፣ ዜሮ መድረሱን ለክቼ ነው የምነካው። በርቶ ስለካ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ኤሌክትሪክ ከእጅ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ። ልጆቹ ንባቡን ይመዘግባሉ። አሁን ኮሪደር ላይ አንድ እጅ ኪስ ከቶ መሄድ ፋሽን ሆኗል፤ በኔ እየሳቁ ነው።

ሁለቱን ትልልቅ ቲዩቦች፣ 6ኤል6 የሚባሉትን፣ ስንነቅል አምፖሉ ፈዘዘ። ስንመልስ ደመቀ። በሌላ ጥንድ ቀየርን፤ ያው። እንግዲያው ቲዩቦቹ ንጹሕ ናቸው፣ የጎደለው ልጓማቸው ነው። ባያስ የሚባል ከዜሮ በታች 50 ቮልት አካባቢ አለ፤ ቲዩቡ እንደ ፈረስ እንዳይጋልብ የሚይዘው እሱ ነው። ቲዩቦቹን ነቅለን ለካን። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ አነበበ፦ «ነጌቲቭ 4።» ሌላ አራት ጊዜ ለክቼ አስነበብኩት።

ጥፋተኛው የባያሱ ካፓሲተር ሆነ፤ ያኔ ግድግዳው ላይ ሲሰካ ሳይጎዳ አይቀርም። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው። አዲሱን ስበይድ ልጆቹ ነጌቲቩን ወደ ቻሲው፣ ወደ ብረት አካሉ፣ አዙረው ብለውኝ ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ቻሲውን የሚነካው ፖዘቲቩ ነው። ደግነቱ ከማብራታችን በፊት አየነው።

ነጌቲቭ 51። ቲዩቦቹን መለስን፣ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ፈዘዘ። አምፖሉን አውጥተን በፊውዙ ብቻ አበራን። ክፍሉ በሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቁጠር ጀመረ። 20 ሲያልፍ ጩኸት ሆነ። 100 ስንደርስ ከጎን ያሉት መምህርት በር አንኳኩ።

ከዚህ ሌላ ሦስት ማከፋፈያና የቤተ መጻሕፍቱን የግድግዳ ሰዓት ጠግነናል። በወላጆች ቀን የሙዚቃ ክበብ በትዝታ ቅኝት አንድ ዜማ ተጫወተበት። ትንሽ ኸም ይላል፣ ማለትም ከሥር እምምም የሚል ድምፅ አለው፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አርጅተዋል፣ የመጪው ዓመት ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ ባለ 100 ዋቷ አምፖል ከቦታዋ የለችም። የወሰዳችሁ መልሱልን፤ ሌላ የለንም።