አጥኚዎቹን ከማሽኑ በፊት ይጥሯቸው

ለክብርት ኤካተሪና ዛሃሪዬቫ
የአውሮፓ ኮሚሽን የስታርታፕ፣ የምርምርና የፈጠራ ሥራ ኮሚሽነር
ብራስልስ

ክብርት ኮሚሽነር፣

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ከ2028 እስከ 2034 ላለው የምርምር ፕሮግራም 175 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመደብ ሐሳብ አቅርቧል። አሁን ላለው የኅብረቱ የምርምር ፕሮግራም፣ ለሆራይዘን አውሮፓ፣ የተያዘው 95.5 ቢሊዮን ነበር። በጀቱ ሊያድግ ነው፤ እሰየው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የሰውን ኑሮና ጠባይ የሚያጠኑት ባለሙያዎች የሚጠሩት መቼ ነው?

ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። ማኅበራዊ ሳይንስ በየዘርፉ ይካተት የሚለው መመሪያ ከቀድሞው ፕሮግራም ከሆራይዘን 2020 ጀምሮ አለ። በተግባር ግን ሶሲዮሎጂስቷ (የኅብረተሰብ አጥኚዋ) ብዙ ጊዜ የምትጠራው ዕቃው ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ የሚሰጣት የቤት ሥራ ደግሞ «ሕዝቡ እንዲቀበለው ምን እናድርግ?» የሚል ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የኩምብሪያን በጎች ላስታውስዎ። በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ ዝናቡ ሲሲየም የሚባል ጨረራማ ንጥረ ነገር ይዞ ሰሜን እንግሊዝ ተራሮች ላይ ወረደ። በሰኔ ወር መንግሥት በጎቹ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱና እንዳይታረዱ አገደ። ሦስት ሳምንት ብቻ ታገሡ ተባለ። ስሌቱ የተሠራው በሸክላ አፈር ነበር፤ ሸክላ ሲሲየምን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ሣሩ አይመልሰውም። የተራራው አፈር ግን አሲዳማና ብስባሽ የበዛበት ነው። ሲሲየሙ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ መዞሩን ቀጠለ። በአንዳንድ እርሻዎች እገዳው የተነሳው በ2012 ነው። ሦስት ሳምንት የተባለው!

የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ብራያን ዊን ሄዶ አርቢዎቹን አነጋገረ። ባለሙያዎቹ ሲሲየም የሚይዝ ማዕድን መሬት ላይ በትነው፣ በጎቹን በአጥር ከልለው ይሞክሩ ነበር። አርቢዎቹ «የእኛ በጎች ሜዳ የለመዱ ናቸው፤ ከታጠሩ ይከሳሉ፣ ውጤታችሁም ይበላሻል» አሏቸው። የሰማቸው የለም። ሙከራው ግን ኋላ ላይ ተተወ። ሰዎቹ የተቆጡት ሳይንስ ስላልገባቸው አልነበረም። የሚያውቁትን የጠየቃቸው ስለጠፋ ነው።

ኔዘርላንድስም በ2009 ተመሳሳይ ነገር ቀምሳለች። ስማርት የመብራት ቆጣሪ፣ ማለትም የቤቱን ፍጆታ በየጊዜው መዝግቦ የሚልክ ቆጣሪ፣ በየቤቱ በግዴታ ይግባ የሚለውን ሕግ ሴኔቱ መለሰው። ቆጣሪው ማን መቼ ቤት እንዳለ ያሳብቃል የሚል ስጋት ስለነበረ ነው። በኋላ በፈቃድ ሆነ። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ጥቂት ቤተሰቦችን ማነጋገር በቂ ነበር ባይ ነኝ።

እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚነካን ደግሞ አይቦርደርኮንትሮል ነው። በሆራይዘን 2020 ገንዘብ፣ 4.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጥቶበት፣ በሃንጋሪ፣ በግሪክና በላትቪያ ድንበሮች ሊሞከር የታቀደ ፕሮጀክት ነበር። መንገደኛው ካሜራ ፊት ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ያለ ምስል ይጠይቀዋል፤ ማሽኑ የፊቱን ጥቃቅን እንቅስቃሴ አይቶ ይዋሽ እንደሆነ ይገምታል። ክብርት ኮሚሽነር፣ እኛ አገር ባለሥልጣን ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው። ፊት ላይ የሚነበብ አስተማማኝ የውሸት ምልክት እንደሌለ ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ገንዘቡ ከመፈቀዱ በፊት ይህን የጠየቀ ነበር? ፓትሪክ ብሬየር የተባሉት ፖለቲከኛ የፕሮጀክቱን ሰነዶች ለማየት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው።

ስለዚህ በአዲሱ ፕሮግራም ደንብ ውስጥ እንዲገባ የምለምነው ይህ ነው። ሰው ላይ የሚያርፍ ቴክኖሎጂ ሁሉ፣ ችግሩ ምንድን ነው የሚለው ሲወሰን ጀምሮ የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ ተከፍሎት ይቀመጥ። ግኝቱ ንድፉን የሚያስቀይርበት፣ ካስፈለገም ሥራውን የሚያስቆምበት ደረጃ በውሉ ላይ ይጻፍ። የፕሮጀክቱ መሪዎች ምን እንደተነገራቸውና ምን እንደቀየሩ በይፋ ያውጡ። ምንም ካልቀየሩም ለምን እንዳልቀየሩ ይጻፉ፤ እኛም እናንብበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አውሮፓ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ