እማዬ፣ ትሏ አልታመመችም

ውድ እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ናቲ አደራ ያለሽ አረንጓዴ ትል መቅላቷና ፈሳሽ መጣሏ አያስደንግጥሽ። ሉና የምትባለው የእሳት እራት ዕጭ አምስተኛውንና የመጨረሻውን የትልነት ደረጃ ጨርሳ ሐሯን ልትፈትል ስትል አንጀቷን ባዶ ታደርጋለች፣ ከዚያም ወዲያ ወዲህ ትላለች። የዋልነት ቅጠል መቀየሩን ተይውና ደረቅ ቅጠል አንጥፊላት። ቅጠሉን በሐር አጣብቃ ትጠቀለልና ውስጡ ሙሽሬ ትሆናለች፤ ማለትም ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ ድረስ ሳትበላ ተሸፍና ትቆያለች።

ሰኔ ላይ ቢሆን በሁለት ሦስት ሳምንት ትወጣ ነበር። አሁን ግን ቀኑ ስላጠረ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ብርዱን ሙሉ ተኝታ ነው የምታሳልፈው፤ ብቅ የምትለው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ነው።

አደራ፣ ይበርዳታል ብለሽ ሳሎን እንዳታስገቢያት። ሂተሩ ያደርቃታል። ባይገድላት እንኳ በጥር ያስወጣታል፤ ያኔ ወንዱም ቅጠሉም የለም። የመረቡን ጎጆ በረንዳው ላይ ጥላ ቦታ አስቀምጪው፣ አይጥ እንዳይደርስባት። አልፎ አልፎ ውሃ እርጭ እርጭ አድርጊባት፣ ግን አትዘፍዝፊያት። ስትወጣ መረቡን ቧጥጣ መውጣትና ክንፏን ቁልቁል ማንጠልጠል አለባት። ግድግዳው ልሙጥ ፕላስቲክ ከሆነ ትንሸራተታለች፤ ክንፉ እንደተጨማደደ ከደረቀ መድኃኒት የለውም።

ቅጠል ጠራጊዎቹንም ከዛፉ ሥር ያለውን ተዉት በያቸው። የጫካዎቹ ሙሽሬዎች የሚከርሙት ረግፎ በወደቀው ቅጠል ውስጥ ስለሆነ በከረጢት ታስረው አብረው ይጣላሉ። አንቺም ራስሽ መጥረጊያ እንዳታነሺ፤ ጎንበስ ማለት እንደተከለከልሽ አልማዝ ነግራኛለች።

ከወጣች በኋላ ምን ላብላት ላልሽው፣ ምንም። የሚሠራ አፍ የላትም። በትልነቷ ባጠራቀመችው ስብ አንድ ሳምንት ያህል ትቆያለች፤ ተጋብታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በቃ። አንቺ ግን አፍ አለሽ። ሾርባውንም ትታዋለች አሉኝ። ስደውል ደግሞ «በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ነው።

የአባባም ጊዜ «ደህና ነው» ስትሉኝ ከርማችሁ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው መርዶ የሰማሁት። እንዳልደነግጥ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ናቲ ደህና ነው፤ በቁመት ሊደርስብኝ ነው። ሉናዋ ሴት ከሆነች መረቡ ውስጥ ውጭ አሳድሪያትና የበረንዳውን መብራት አጥፊ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወንዱ ሽታዋን ተከትሎ ይመጣል ብሎሻል።

ባለፈው ሐኪሙ የሰጠሽን ወረቀት በፊትም በጀርባም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አልማዝ አሳጥራ እንድትነግረኝ አልፈልግም። ራሴ ላንብበው።

ልጅሽ