የተበደርሁት ከቤቴ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ጋዜጣ ላይ የምረቃ የደስታ መግለጫ አያለሁ። ካባ የለበሰ ሰው ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ባለፈው ሐምሌ እኔም በተራዬ ካባ ለበስሁ። ወንድሞቼ «ጋዜጣ ላይ እናውጣልሽ» ሲሉኝ ይቅር አልኋቸው። ለምን እንዳልሁ ያኔ ለራሴም በደንብ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ2011 ዓ.ም. ለሦስተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ስገባ አራት ዓመት ይበቃል ተብዬ ነበር። ስድስት ፈጀ። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ከዚያ መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቆየ። አንድ ጽሑፍ ለማሳተም ብቻ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅሁ። ትልቋ ልጄ ስሄድ 7 ዓመቷ ነበር፤ አሁን 13 ሞልቷታል። ትንሹ የተወለደው በትምህርቱ መካከል ነው። አራስ ቤት ሆኜም ኮምፒውተር ጭኔ ላይ ነበር።

300 ኪሎ ሜትሩን ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አልቆጠርሁም። አውቶቡሱ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሁልጊዜ ለራሴ አንድ ነገር እል ነበር። «ይኼ ትምህርት ይለቅ እንጂ ቤቴን እክሳለሁ።» ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ረስቼው ስለ ሥራዬ አስባለሁ።

ተመርቄ ስመለስ ደስታው ትልቅ ነበር። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» አለኝ። በማግስቱ ወጥ ልሥራ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ጨው የት እንዳለ አላውቅም። የበርበሬው ዕቃ ተቀይሯል። ትንሹን «ና ብላ» ስለው መጀመሪያ የአያቱን ፊት አየ። የባለቤቴ እናት በዓይናቸው እሺ ሲሉት ነው የመጣው። ልጄ እንጀራ ትጋግራለች። ክንዷ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አየሁና ጠየቅኋት። ምጣድ ነው። «እማ፣ ይኼማ ድሮ ነው» አለችኝ።

ይህን ሁሉ እያየሁ በመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር እሺ ብዬ ነበር። አንደኛው የትምህርት ክፍል ኃላፊነት፣ ሌላው የጥናት ፕሮጀክት፣ ሌላው ደግሞ ቅዳሜና እሑድን የሚበላ ሥልጠና ነው። ስድስት ዓመት በጥድፊያ የኖረ ሰው ጥድፊያው ሲያልቅበት ሌላ ይፈልጋል። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ያስፈራኝ ነበር። ዲግሪውን ይዞ ቁጭ አለች የሚሉኝም ይመስለኝ ነበር።

ያቆመኝ አባቴ ነው።

አባቴ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ሲናን ወረዳ ገበሬ ነው። ጥናቴም የዚያው አገር አፈር ነው። ከአገራችን የእርሻ መሬት ውስጥ ወደ 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይነገራል። የጎጃም ደጋ ክፉኛ ከተጎዱት ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስደዋል። መሬቱም ሳያርፍ በየዓመቱ ይታረሳል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ይመርዘዋል። ገበሬው በውድ የገዛውን ማዳበሪያ፣ በተለይ ፎስፈረሱን፣ አፈሩ አፍኖ ይይዘዋል። ኖራ ያድነዋል፤ ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፣ ውጤቱም በአንድ ጀምበር አይታይም። እስከዚያው ገበሬው ገብሱን ትቶ እንግዶ ይዘራል፣ ድንች ይተክላል፣ ተስፋ ሲቆርጥ ባሕር ዛፍ ያለብሰዋል። የአባቴ ማሳ እንዲህ ሲሆን እያየሁ ስላደግሁ ነው ርዕሱን የመረጥሁት።

ናሙና ለመውሰድ በሁለት ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ወደ አባቴ አገር ወጥቻለሁ። በአባቴ ቤት ያደርሁት ግን ሁለት ሌሊት ነው። የማስታወሻ ደብተሬን አገላብጬ ነው የቆጠርሁት። የእያንዳንዱ ማሳ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ፣ እዚያ ላይ ተጽፏል። የአባቴ ማሳ 4.8 ነው። አባቴ እንዴት እንደሆነ የተጻፈ አንድ ቃል የለም።

ዘንድሮ ለመስቀል ሄጄ ሳምንት ቆየሁ። አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ሁለት ዓመት ተምሯል፤ የሱ አባት ሲሞቱ ነው ተመልሶ ሞፈር የጨበጠው። ዛሬም ዳዊቱን ሳይደግም እህል አይቀምስም። ሰኞ ጠዋት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳየው የሰኞውን ክፍል ይደግማል። የገለጠው ገጽ ግን መጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ነው። በቃሉ ነበር የሚለው። መጽሐፉን የያዘው እኛ እንዳናውቅ ነው።

«አባዬ፣ አታይም እንዴ?»

«ኧረ ትንሽ ትንሽ አያለሁ የኔ ልጅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ፈተና ላይ ነሽ አሉኝ። ምን ብዬ ላውክሽ?»

የዓይን ሞራ ነው። በአገራችን ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳጣቸው ይኸው ሞራ ነው፤ ቀዶ ጥገናው ግን አጭር ነው። ከሦስት ዓመት በላይ በዝምታ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር አልነበረም። ናሙና ልወስድ በመጣሁ ቁጥር ማሳው ዳር ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ፀሐይ የሚከልል መስሎኝ ነበር። ሰላም ብዬው ወደ አፈሬ እሄዳለሁ።

ከዚያ ተመልሼ ኃላፊነቱን ለአንድ ዓመት እንዲያዘገዩልኝ ደብዳቤ ጻፍሁ። ሥልጠናውን ለአንድ ወጣት ባልደረባዬ ተውሁለት። የጥናት ፕሮጀክቱን ይዣለሁ፤ የኖራ ጉዳይ ነውና ለገበሬው አይቆይም። ጥቅምት ላይ አባቴ አንዱን ዓይኑን ተሠራ። ፋሻው በተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየው የልጄን ክንድ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። ሁለተኛው ዓይኑ ለጥር ተቀጥሯል።

የባለቤቴ ነገር ሌላ ነው። የሒሳብ መምህር ነው። በ2011 እሱም ለሁለተኛ ዲግሪ አልፎ ነበር። «ሁለታችንም ከሄድን ቤቱን ማን ይዞት?» አለና ቀረ። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። የመግቢያ ደብዳቤውን ግን አልጣለውም፤ ልብስ ሳጥኑ ውስጥ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አገኘሁት። በሚመጣው ክረምት እሱ ይመዘገባል። ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ለማኅበር ቤት ያጠራቀምነው ገንዘብ ለትምህርቱ ይሆናል፤ ቤቱ ይቆይ ተባብለናል።

ዕድሩም አለ። ስድስት ዓመት ወርሃዊ መዋጮዬ አንድም ወር አልተጓደለም። ሰው ግን አልደረስሁም። ትንሹ ልጄ ሲታመም ሌሊት አዝላው ጤና ጣቢያ የሮጠች ጎረቤቴ ወንድሟ ሲሞት መልእክት ነበር የላክሁላት። ከዓመት በኋላ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቤቷ ሄድሁ። አፈርሁ፣ እግሬ ከበሩ አልገባ አለ። እሷ ግን አቅፋኝ እንደ ትናንት ልቅሶ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ቡና ተፈላ፤ እስኪመሽ ቆየሁ።

አንድ የማከብራቸው ታላቅ ባልደረባ ይህን ስነግራቸው አልተስማሙም። «አገር ገንዘብ አውጥታ ያስተማረችሽ ቤት እንድትቀመጪ አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ያወጣው ድሃው ሕዝብ ነው። እኔም ቤት አልተቀመጥሁም፤ የተመደበልኝን ኮርስ ሁሉ አስተምራለሁ። ነገር ግን ካወጡት ውስጥ ቤቴም አለበት። ወላጆቻችን ይህን ከኛ በላይ ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲዞር የሚበላው የሰው እንጀራ ነው። አባቴ ዲማ ሳለ እንጀራ ትሰጠው የነበረችውን ሴት እስካሁን ስሟን ጠርቶ ይጸልይላታል። እኔ ደመወዝ ስለነበረኝ የሰው እንጀራ እንዳልበላሁ አስቤ ነበር።

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልም እፈራለሁ። እኔን «ልጆችሽን ማን ያዘልሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። አብረውኝ የተማሩትን ወንዶች የጠየቃቸው የለም። እነሱም ግን ልጆቻቸው ሲያድጉ አላዩም። አንዱ የልጁን ድምፅ ከስልክ ውጭ ሲሰማ እንግዳ እንደሚሆንበት ነግሮኝ ያውቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከረጅም ትምህርት የተመለሰን ሰው ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ኮርሱን ብቻ ያስተምር ዘንድ ይተዉት፤ ሹመቱና ኮሚቴው ቆይቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ለእናንተ ነው። የምረቃ መግለጫ ሲመጣላችሁ ቤቱን የያዘው ማን እንደነበር ብትጠይቁልን። ሁለት መስመር ይበቃል። እኔ በሚመጣው ሐምሌ አንድ ይዤ እመጣለሁ። ፎቶግራፉ ላይ ባለቤቴ፣ እናቱ፣ ጎረቤቴና አባቴ አሉ። ካባ የለበሰ የለም። ዋጋውን እከፍላለሁ፤ እባካችሁ ተቀበሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ደብረ ማርቆስ