ግብር ያልተከፈለበት ልምድ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህም የጋዜጣችሁን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሳላነብ አላልፍም፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሠራተኛ ቅጥር ላይ የቆየን ሰው ልማዱ በቀላሉ አይለቀውም። ከማስታወቂያዎቹ በአብዛኞቹ ግርጌ አንድ መስመር አይጠፋም፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ የተገኘ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ መቅረብ አለበት ይላል። መስመሩ የገባው ሐሰተኛ የልምድ ማስረጃን ለመከላከል ስለሆነ ዓላማውን አልነቅፍም። ይሁንና ደመወዝ ሳይከፈለው የሠራን ሰው ጨርሶ እንዳልሠራ ያስቆጥረዋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሰሞኑን ደጋግሜ ያነበብኩት የአሜሪካዊቷ ፖለቲከኛ የካሮል ቤላሚ የሥራ ታሪክ ነው። ቤላሚ እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እንደያዙ የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች የሚልክበት ድርጅት፣ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር)፣ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ወደ ጓቲማላ ሄዱ፤ ሁለት ዓመትም አገለገሉ። ሲመለሱ ሕግ ተማሩ፤ በኒው ዮርክ ግዛት ሴኔት ተመረጡ፤ ቀጥሎም የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤትን በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1985 ለከንቲባነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የተወሰኑ ዓመታት በዎል ስትሪት ሠርተዋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1993 የሰላም ጓድ ዳይሬክተር አድርገው ሲሾሟቸው ድርጅቱ ከተቋቋመ 32 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከራሱ በጎ ፈቃደኞች መካከል ወጥቶ በዳይሬክተርነት የተሾመ አንድም ሰው አልነበረም። በጎ ፈቃደኝነትን በዓለም ዙሪያ የሚሰብከው ድርጅት እንኳ የገዛ ልጆቹን ልምድ ለመሪነት የሚበቃ አድርጎ ለመቁጠር ይህን ያህል ጊዜ ወሰደበት ማለት ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን በሳሞአ ያገለገሉት ካሪ ሄስለር-ራድሌት፣ በቱኒዚያ ያገለገሉት ጆሴፊን ኦልሰን፣ በሮማኒያ ያገለገሉት ካሮል ስፓን በየተራቸው ያንኑ ወንበር ይዘዋል፤ ሦስቱም ሴቶች ናቸው።

ቤላሚ ከዚያ ተነሥተው ከ1995 እስከ 2005 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትን፣ ዩኒሴፍን መሩ፤ ለዚህም የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት የድርጅቱ ዓመታዊ ገቢ ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ የሴት ልጆች ትምህርትም ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆኗል። ሁሉ አልጋ በአልጋ ነበር አልልም። የታዋቂው የሕክምና መጽሔት የላንሴት ዋና አዘጋጅ በ2004 መጨረሻ፣ ድርጅቱ በመብት ጉዳይ ላይ ሲያተኩር ሕፃናትን ከሞት የማትረፉን ሥራ ችላ ብሏል ሲል በጽሑፍ ወቅሷቸዋል፤ ወቀሳው ፍሬ እንደነበረው አምናለሁ። ወንበሩም ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ከአሜሪካውያን እጅ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ሹመታቸው በችሎታ ብቻ የተገኘ ነው ብዬ አልከራከርም። እኔ የምለው፣ ወጣት ሳሉ ጓቲማላ ውስጥ ያሳለፏቸው ሁለት ዓመታት ከ30 ዓመት በኋላ ሲሾሙ እንደ ሙያ ተቆጠሩላቸው እንጂ የወጣትነት ሽርሽር ተብለው አልታለፉም ነው።

የሰላም ጓድ ለእኛም ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከዓመታት በኋላ ደብረ ማርቆስ ስማር የሳይንስ መምህርታችን ከነርሱ ወገን ነበሩ። አንድ እሑድ ቤታችን ቡና ሲጠጡ አክስቴ ደመወዛቸውን ጠየቀቻቸው፤ ለኑሮ ያህል ጥቂት ገንዘብ ብቻ እንደሚሰጣቸው ስትሰማ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ምን አጥፍታ ነው እዚህ የላኳት?» አለችኝ። አልተረጎምኩላቸውም።

የአክስቴን ጥያቄ ብስቅበትም፣ ዓመታት አልፈው እኔም በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ጠይቄአለሁ። ለአንድ የማስተባበሪያ የሥራ መደብ ካመለከቱት መካከል የአንዲት ወጣት ፋይል ደረሰን። ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተያይዟል፤ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሠላሳ ያህል በጎ ፈቃደኞችን እያስተባበረች የእህል እደላና የሕፃናት ማቆያ ስትመራ እንደቆየች ይገልጻል። እኛ የምንቀጥረው ሰው የሚሠራውም ይህንኑ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ የግብር ማረጋገጫ ፈልጎ ሲያጣ፣ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» በሚለው ዓምድ ሥር በቀይ እስክሪብቶ 0 ጻፈ። ሰነዱ ለፊርማ ሲዞር እኔም ፈረምኩ። ልጅቱ ዋናውን ማስረጃ ልትወስድ ስትመጣ «የጎደለ ወረቀት ካለ ላምጣ?» አለችኝ፤ ያልተቀበለችውን ደመወዝ ግብር የከፈለችበትን ደረሰኝ አምጪ ልላት አልችልም።

ነገሩ በዚህች አገር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1964 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ሳያገለግል ዲግሪውን አያገኝም ነበር፤ ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ልንለው ባንችልም አገልግሎቱ ግን በወረቀት ይመዘገብ ነበር። ዛሬ በየክረምቱ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የወጣው ወጣት ቁጥር በዜና ይነገራል፤ መስከረም ሲጠባ ግን ከዚያ ሁሉ ሥራ ወደ ግለሰቡ ፋይል የሚገባ እምብዛም ነው።

ስለዚህ የቅጥር መመሪያ የማውጣት ሥልጣን ያላቸው አካላት በዚያች መስመር ላይ አንድ ሐረግ እንዲጨምሩ በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ፤ በሕግ ከተመዘገበ ድርጅት የቀረበ፣ የሥራውን ዓይነትና ሰዓት የሚዘረዝር የበጎ ፈቃድ ማስረጃ ቢያንስ በግማሽ እንዲያዝ። ሐሰተኛ ደብዳቤ ይበዛል የሚሉኝ የቀድሞ ባልደረቦቼ እንዳሉ አውቃለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የያዝኳቸው ሐሰተኛ ማስረጃዎች ግን ሁሉም የግብር ማረጋገጫ የተያያዘባቸው ነበሩ፤ የያዝኳቸውም ስልክ ደውዬ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ