ዋጋው ቀርቷል፣ አሁን ስለ ሰዓቱ እናውራ

ይድረስ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የትራንስፖርት መምሪያ
ሜሪላንድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ምስጋናዬን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. ከጁን 29 ቀን 2025 ጀምሮ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስ ለሁሉም ሰው ነጻ ሆኗል። የተነሳልን የ1 ዶላር ክፍያ ብቻ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ለእኛ እናቶች ግን ነገሩ ከዚያ ይበልጣል።

የልጅ ልጅ ለመያዝ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ የመጡ እናቶች ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብዙ ናቸው። መኪና አይነዱም። ልጆቻቸው ሥራ ውለው ማታ ነው የሚገቡት። ከኋላ ሰው ተሰልፎ እያለ የመክፈያ ካርዱን የት እንደሚያስነኩ ግራ ገብቷቸው መቆም ያሳቅቃቸው ነበር። ስለዚህ ቤት መዋልን ይመርጡ ነበር። አሁን ግን ሹፌሩን «ደህና ዋልክ ልጄ» ብለው ገብተው ይቀመጣሉ። ይሄን ስላደረጋችሁ እግዜር ይስጥልን።

የምጠይቃችሁ ስለ ሰዓቱ ነው።

የእኛ ሰው የት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ። እነዚህ ሥራዎች ቅዳሜና እሁድ አይሉም፤ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። አረጋዊ የምትንከባከብ ሴት እሁድ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር በ7፣ ሥራ ቦታ መገኘት ሊኖርባት ይችላል። ከራይድ ኦን መስመሮች መካከል ግን እሁድ ጭራሽ የማይሠሩ አሉ። በየ30 ደቂቃው የሚመጣ መስመር ደግሞ በወረቀት ላይ ደህና ይመስላል። ሁለት አውቶቡስ የሚቀይር ሰው ሁለቱም ለጥቂት ካመለጡት ግን አንድ ሰዓት ፌርማታ ላይ ቆመ ማለት ነው። በጥር ብርድ! እሁድ ቅዳሴ የሚጀመረውም ሳይነጋ ነው።

ስለዚህ አዲስ መስመር ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ሥራ ሥሩልኝ። የሆስፒታሎቹንና የመንከባከቢያ ቤቶቹን የፈረቃ ሰዓት ሰብስቡ። ከእሁድና ከሌሊት የአውቶቡስ ሰዓታችሁ ጎን አስቀምጡት። ክፍተቱ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ ምን እንደሚያደርግ እናንተው አሳይታችሁናል። በ2020 በመንገድ 29 ላይ የጀመራችሁት ፍላሽ የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ ሲልቨር ስፕሪንግን ከኋይት ኦክ፣ ከብሪግስ ቼኒና ከበርተንስቪል ጋር አገናኘ። በከፊል በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሚሄድ መኪናው ሲጨናነቅ አብሮ አይቆምም። የጎደለን እንዲህ ያለ መስመር ነው።

ፐርፕል ላይን የሚባለው የባቡር መስመርም እየመጣ ነው። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። በ2022 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ አሁን የሚጠበቀው በ2027 መጨረሻ ወይም በ2028 መጀመሪያ ነው። የባቡሩ ሥራ የስቴቱ እንጂ የእናንተ አለመሆኑን አውቃለሁ። ከባቡሩ ጋር የሚገናኙት አውቶቡሶች ግን የእናንተ ናቸው። ባቡሩ የሚያልፍባቸውን የሎንግ ብራንችንና የፓይኒ ብራንች ሮድን ሰው አውቶቡሱ በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚሻለው ከአሁኑ ጠይቁት።

ስለ ቋንቋም ትንሽ ልበል። ካውንቲው ብዙ ወረቀት በአማርኛ ያወጣል፤ ያስመሰግነዋል። የአውቶቡስ ሰዓት ግን ተተርጉሞ ብቻ አይበቃም። «2 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ እኒያ እናት የሚረዱት ጠዋት 2ን ነው፣ በእናንተ 8 ሰዓት ማለት ነው። ቀጠሮ ያለው ሰው በዚህ ምክንያት ስድስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉት። «ወደ ሰሜን የሚሄደው» አትበሉ፤ «ከላይብረሪው ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ» በሉ። ማንበብ የማይችሉም አሉና ስልክ ተደውሎ በአማርኛ የሚደመጥ መልእክት ይኑር።

ራይድ ኦን ነጻ በሆነበት በዚያው ቀን የሜትሮ አውቶቡሶች ስም ሁሉ ተቀየረ። ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። ፌርማታ ላይ ለቆመች እናት ግን ሁለቱም አውቶቡስ ነው። በቃሏ የያዘችው ፊደልና ቁጥር በአንድ ቀን ጠፋባት። እናንተም መስመር በምትቀይሩበት ጊዜ ወሬው ቀድሞ ይድረሳት።

ሕዝብ የምታወያዩት በሥራ ቀን ማታ ከሆነ የምላችሁ ሰዎች አይመጡም፤ ፈረቃ ላይ ናቸው። አንድ እሁድ ካርታችሁንና አስተርጓሚ ይዛችሁ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብትመጡ፣ የቱ ፌርማታ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይነግራችኋል።

አክባሪያችሁ፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ